አባቴ ከአጥሩ ውጭ የተናገረው

ሽታው ከቆዳው ቀድሞ ደረሰኝ። አሮጊቷ ገና ጨርቁን ሲፈቱት፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም ሳይታይ፣ በበሰበሰ እንጨት ጢስ የታጠነ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ነገሩ የሆነው እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ከጥቂት ወራት በፊት፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ የወሰደችኝ የዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ላይ ነው። እንግዳዋ ከካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ዴኔሱሊኔ ከሚባል ሕዝብ የመጡ ሴት ነበሩ፤ ሕዝባቸው ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚያስተዳድርና ሊሞት የደረሰ ቋንቋውን እንዴት እንዳነሣው ሊነግሩን። ቆዳው ካሪቡ የሚባለው የበረዶ አገር አጋዘን ቆዳ ነው። አጠገቡ የአጥንት መፋቂያ አስቀመጡ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለማንሣት ተጋፋ። እኔ፣ ስንት ቁስል ያጠብኩ ሐኪም፣ አፍንጫዬን በእጄ ይዤ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አስጠልቶኝ አይደለም። የአባቴ ሽታ ስለሆነ ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከመንደሩ ሁሉ በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር። ቆዳ ፋቂዎች ነን። ከኢትዮጵያ ደቡብ የመጣችሁ የእኔ ዘመን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አናውቅም የምትሉትም ታውቃላችሁ። አባቴ ጥሬውን ቆዳ በካስማ ወጥሮ፣ በእንጨት እጀታ ላይ የተተከለ ባልጩት ይዞ ተንበርክኮ ሲፍቅ ክርር፣ ክርር የሚለው ድምፅ ነበር ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ። ባልጩቱ ሲደነዝ በሌላ ድንጋይ እየጠረበ ያሾለዋል፤ ፍንጣሪው እግራችንን እንዳይቆርጠን አንድ በአንድ ለቅሞ በገል ያጠራቅመዋል። ቆዳው ከተፋቀ በኋላ የቅቤ ዝቃጭ ይቀባና የእኛ የልጆቹ ተራ ይደርሳል። ላዩ ላይ ወጥተን በእግራችን እናሸዋለን። ለእኛ ያ ጨዋታ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ የወደቀ ይወጣል እየተባባልን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስንዘል እንውላለን። ሲመሽ የእግሬ መዳፍ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልስ ነበር። ከዚያ የበለጠ የሚያስደስት ሥራ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

መንደሩ በሙሉ የሚተኛው አባቴ በፋቀው ቁርበት ላይ ነው። ሙሽራ የምትቀመጠው፣ ሕፃን የሚወለደው፣ ሬሳ የሚጠቀለለው በእሱ ነው። ቁርበቱን የሠራው ሰው ግን ከደጃፍ አያልፍም። ልናደርስ ስንሄድ በር ላይ ቆመን እንጣራለን፤ ውሃ ሲጠማን በኮባ ቅጠል ይሰጡናል። ቅጠሉን አጥፈን በሁለት እጃችን እንይዛለን፣ እነሱ ከላይ ያንቆረቁሩልናል፤ ጠጥተን ስንጨርስ ቅጠሉ ይጣላል። እኔ ቅጠሉን እወደው ነበር። ውሃው ቅጠል ቅጠል ይሸታል፣ ይቀዘቅዛል። ሌሎቹ ልጆች በጣሳ ሲጠጡ እኛ በቅጠል የምንጠጣው አብልጠው ስለሚወዱን ይመስለኝ ነበር። እናቴ አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አላረመችኝም። ዛሬ ሳስበው በጣም የማመሰግናት ለዚህ ነው፤ በጣም የምቀየማትም ለዚሁ ነው።

ከመንደሩ በላይ፣ ዙሪያውን በቅንጭብ የታጠረ ትልቅ ዝግባ ነበር። ሸንጎው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ሽማግሌዎቹ ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ወንድሙ የተገደለበትንና ገዳዩን ከአንድ ገበታ አብልተው ሲያስታርቁ አይቻለሁ። ድንበር የገፋውን፣ ሚስቱን የደበደበውን፣ አንድ ወረቀት ሳይጽፉ ይዳኙታል፤ የወረዳው ፖሊስ ሲመጣ የሚይዘው ሰው አጥቶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ራስን በራስ ማስተዳደር እያሉ በስላይድ የሚያሳዩትን እነሱ በከዘራ ይሠሩት ነበር።

ታዲያ እኛ እዚያ አንገባም። ጉዳይ ያለው ፋቂ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይናገራል። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ቃል አቀባይ ቃሉን ከአጥሩ ተቀብለው፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደው፣ ዛፉ ሥር ለተቀመጡት ይነግራሉ። መልሱንም እንዲሁ ይዘው ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በማን ቁርበት ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ሸንጎው የወንዙን ዳር ለባሕር ዛፍ ፈለገው። እዚያ ያለነው እኛ ነን። እኛ ብቻም አይደለንም፤ አያቴ፣ የአያቴ አባት፣ በኩፍኝ የሞተችው ታናሽ እህቴ እዚያው ሾላው ሥር ተቀብረዋል። የመንደሩ መቃብር ፋቂ አይቀበልም። አባቴ ሦስት ቀን መፋቂያውን አላነሣም። ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ለብቻው ሲናገር ሰማሁት። «ቤቴን አፍርሱት፤ ቤት ይሠራል። መቃብሩን ግን አልሰጥም። ልጄን ጥዬ ከዚህ አልሄድም።» መልሶ መላልሶ፣ አንዷን ቃል ከአንዷ እያስማማ ይለዋል። ከአባቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ኮራሁ፤ በጣም ኮራሁ።

የሸንጎው ዕለት፣ ለሽማግሌዎቹ አለቃ በየዓመቱ የምንሰጠውን አዲስ ቁርበት ተሸክሜ ተከተልኩት። ጋሽ ወልዴ ቁርበቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወሰዱና ከአለቃው ፊት አንጥፈውት ተመለሱ። አባቴ ቃሉን ተናገረ። አንድም አልጎደለውም፤ ድምፁ ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ወልዴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙትና ሄዱ።

እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ። ከቅንጭቡ ሥር እኛ ልጆች ብቻ የምናውቃት ቀዳዳ ነበረች። የአባቴ ቃል ዛፉ ሥር ሲደርስ የሽማግሌዎቹን ፊት ለማየት በሆዴ ተስቤ ገባሁ። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «ፋቂው እጅ ይነሣል፤ እንደፈቀዳችሁ ይላል» አሉ። ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዘንድ የደረሰው ይህ ብቻ ነበር።

«እንደዚያ አላለም!»

ጩኸቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ቆሜ ራሴን ሳገኘው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ደግሞ የቆምኩት በሁለት እግሬ አዲሱ ቁርበት ላይ! ሳምንቱን ሙሉ ስዘልበት ነውር ያልነበረው፣ እዚያ ሲነጠፍ ነውር ሆነ። አለቃው ከዘራቸውን አነሡና አየር ላይ ይዘውት ቀሩ። እኔን ከነኩበት ከዘራው መጣሉ ነው፤ ለከዘራው ሳሱ። ከአጥሩ ውጭ አባቴ ስሜን ሲጠራ ይሰማኛል፤ መግባት አይችልም።

ፍርዱ እሱ ላይ ወደቀ፤ ሴት ልጁን አላረመም ተባለ። በሚቀጥለው ሸንጎ ድንጋይ ተሸክሞ ይግባና ይቅርታ ይለምን አሉ። ድንጋዩን ራሱ ከወንዛችን መረጠ። እናቴ ቀለል ያለውን ውሰድ ብላ ለመነችው፤ እሱ ካስማ የሚመታበትን ከባዱን አነሣ። አንገቱ ላይ አድርጎ በሸንጎው በር ገባ። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር ያለፈው እንዲህ ነው። እኔ ከቀዳዳዬ ሆኜ ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር። ድንጋይ የተሸከመ ሰው በገዛ አፉ ነው የሚናገረው፤ መሃል ላይ ጋሽ ወልዴ የሉም። አሁን ይነግራቸዋል አልኩ። ስለ እህቴ ይነግራቸዋል።

«ምን ትላለህ?» አሉት አለቃው።

«አጥፍቻለሁ፤ ማሩኝ» አለ አባቴ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ማሩት፣ መረቁት፣ ድንጋዩን አወረደ። በክረምቱ ባሕር ዛፉ ተተከለ። እኛም ዕቃችንን ተሸክመን ወደ ከተማው ዳር ተነሣን። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝምም። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ግን ሽማግሌዎቹን ከጠላሁት ይልቅ እሱን ጠላሁት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ትምህርቴን ያጠናሁት በዚያ ንዴት ነው፤ ከአገር የወጣሁትም በእሱ ነው። አባቴ ከአባቱም ከልጁም ርቆ ከተማ ዳር ሲቀበር እኔ እዚህ የመኖሪያ ፈቃዴን እጠብቅ ነበር፤ አፈር እንኳ አላለበስኩትም።

ስብሰባው ሲያልቅ አሮጊቷ ዘንድ ቀረብኩ። የሕዝባቸው ልጆች በግድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በቋንቋቸው በተናገሩ ቁጥር ይቀጡ እንደነበር፣ ዛሬ ሸንጎአቸው ትምህርት ቤቱን ራሱ እንደሚያስተዳድር፣ የካሪቡ አደን ወቅት ሲደርስ አደን የሄደ ልጅ ከትምህርት እንደቀረ እንደማይቆጠርበት ነግረውን ነበር። አዳራሹ አጨብጭቧል። እኔን እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ በእናንተ ሸንጎ ከአጥሩ ውጭ የሚቆመው ማን ነው አልኳቸው። ቆዳቸውን አጠፉ። ከዚያ ከሕዝባቸው ውጭ በማግባታቸው የመንግሥት ሕግ ስማቸውን ከመዝገብ ሰርዞት እንደነበር አጫወቱኝ። «ሕጉ የነጮቹ ነው። ሕጉ ሲሻር ግን በሩን ይዘው የቆሙት የገዛ አጎቶቼ ናቸው» አሉኝ። ታዲያ ምን አደረጉ? «ወንበር ይዤ ሄድኩ።» የወጥ ቤታቸውን ወንበር ተሸክመው ሄደው ሸንጎው መሃል ተቀመጡ። ክረምቱን ሙሉ ማንም አላናገራቸውም። ሲነጋገሩም በላያቸው ላይ አሻግረው ነበር አሉ። እሳቸው ይስቃሉ፤ እኔ አልሳቅሁም። ስሰናበታቸው መፋቂያውን እጄ ላይ አኖሩት። ከመያዝ ብዛት ልክ እንደ አባቴ መፋቂያ ያብረቀርቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሐጂ ሸምሱ ቤቴ መጡ። የመንደሬ ሰው ናቸው፤ እዚሁ ከተማ መሃል፣ ዱርንፎንቴን ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ። ደግ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ፈጥነው ይደርሳሉ፣ የታሰረ ያስፈታሉ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ሸንጎአችንን እዚህ መልሰን አቋቁመናል። ፖሊስ ጋ ብንሄድ የሚጠይቀን ፔፐር ነው፤ ኮርት ብንሄድ ዓመት ይፈጃል። በየሎኬሽኑ ሱቅ የከፈቱት ልጆቻችን ተጣልተው ሾፕ ለሾፕ አይተያዩም። ራሳችንን በራሳችን እናስተዳድር፤ ባህላችንም አይጥፋ። አንቺ ስትቀመጪበት ደግሞ ሸንጎው ይከበራል» አሉኝ።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አላውቅም! በአባትሽ ቁርበት ላይ አይደል የተወለድኩት!» አሉ ፈገግ ብለው።

ምስጋና መስሏቸው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሳቸው ጨርሰው መርሳታቸው ከመውጋቱ ባሰብኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ጠጡት። የዶክተር ብርጭቆ አይረክስም። እመጣለሁ አልኳቸው፣ ለመቀመጥ ሳይሆን ለማየት።

ሸንጎው እሁድ ጠዋት ዱርንፎንቴን፣ ከሱቆች በላይ ባለ አዳራሽ ተሰበሰበ። የሽማግሌዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮች ለቱሪስት የሚሸጥ ዝንጉርጉር የበሬ ቆዳ ለብሰዋል። ፋብሪካ ያለፋው፣ ምንም የማይሸት። «እንደ አገር ቤቱ» አለኝ አንዱ በኩራት። ቃል አቀባይም አልቀረም፤ ሱፍ የለበሰ፣ አንደበተ ርቱዕ ወጣት። ባለጉዳይ ወንበር ተሰጥቶት ይቀመጣል፣ ጉዳዩን ለቃል አቀባዩ ይነግራል፣ እሱ ተነሥቶ ለሽማግሌዎቹ ያሰማል። ሁለት ሰዎች እንዲህ ሆነው ታረቁ፤ እውነቴን ነው፣ አስታራቂዎቹ ጎበዞች ናቸው። ሦስተኛው ተስፉ ነበር። ጻካኔ በሚባል ሎኬሽን፣ ከከተማው ወጣ ባለ የድሆች ሰፈር፣ ትንሽ ሱቅ አለው። ወንድሙን ዲፕስሉት በሚባል ሌላ ሎኬሽን ዘራፊዎች ሱቁ ገብተው ገድለውበታል። ተስፉ የፋቂ ልጅ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እሱ በሩ ላይ ቆመ። ማንም ቁም አላለውም። ማንም ግባም አላለውም።

እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ለቃል አቀባዩ ያለውን ሰማሁት። «አስከሬኑን አገር ቤት ስላደረሳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ለቅሶዬን የተቀመጥኩት ብቻዬን ነው። ቤቴ አንድ ሰው አልገባም። ወንድሜ ሰው ነበር። ገብታችሁ ተቀመጡልኝ።» ወጣቱ ደረቱን ይዞ ሰማው፤ ዓይኑ ውስጥ እንባ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ስለተደረገለት ሁሉ ያመሰግናል። ሌላውን እንደፈቀዳችሁ ይላል» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ነገር እንዳይከር ብሎ ነው። ጋሽ ወልዴም እንዲሁ ይሆናሉ።

«እንደዚያ አላለም» አልኩ። ዘንድሮ አልጮህኩም።

«ታዲያ ምን አለ፣ ዶክተር?» አሉ ሐጂ ሸምሱ።

የተስፉ ቃል ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ላደርሰው እችል ነበር። ዋጥኩት። «እሱ እያለ እኔን ይጠይቃሉ እንዴ፣ ሐጂ? ይግባ!» አልኩና አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩለት። ተስፉ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። አልተቀመጠም። መሃል ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ አንገቱ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

«ምን ትላለህ?» አሉት ሐጂ።

«ካጠፋሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ ጀመረ። እንደ አባቴ እዚያው ሊያቆም መሰለኝ። ኮፍያውን እጁ ላይ ጨመደደ፣ ከዚያ ሁሉንም ተናገረው፤ ወንድሜ ሰው ነበር የሚለው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድንጋይ ሳይሸከም፣ በባዕድ አገር፣ ነገ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ማንንም ሳያይ መዋል የሚችል ሰው እንዲህ ከተንቀጠቀጠ፣ አባቴ ምን ነበር የሚሆነው? ያ ሁሉ ድንጋይ አንገቱ ላይ፣ እኔ ቅንጭቡ ሥር። አንድ ቃል ቢጨምር ቀጣዩ ፍርድ የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። አፉን የዘጋው እኔን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ይህ እንዲገባኝ ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ እሱ ደግሞ የለም።

ሸንጎው ሄደን እንቀመጣለን ብሎ ወሰነ። በሳምንቱ እሁድ ሃያ የምንሆን ሰዎች ጻካኔ ሄድን። ሐጂ ሸምሱ ፊት ፊት ገቡ። የተስፉ ሚስት ብርጭቆዎቿን አጥባ፣ አድርቃ፣ በትሪ ደርድራ ሻይ ልትቀዳ ስትል አንዱ ከመኪና የፕላስቲክ ኩባያ እሽግ ይዞ መጣ። «ለእህታችን ዕቃ ማጠብ እንዳይበዛባት» አለ። ሁሉም ኩባያውን እየተቀባበለ ያዘ። ትሪው እንደ ንጹሕነቱ ወደ ጓዳ ሊመለስ ሲል እጄን ዘርግቼ አንድ ብርጭቆ አነሣሁ። ከእኔ ሌላ ያነሣ የለም። ሐጂ አዩኝ፣ ኩባያቸውን አዩት፣ ትኩሱ ሻይ ፕላስቲኩን አልፎ ጣታቸውን ሲያቃጥላቸው ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት እንጂ በብርጭቆ አልለወጡትም። ቅጠሉ ይሻል ነበር፤ ቅጠል ቢያንስ ደስ የሚል ሽታ አለው። ደግሞ እኔ አሥር ዓመቴ አይደለም፤ ስለሚወዱን ነው ልል አልችልም።

ተስፉ ይህን አላየም፣ ወይም አላየሁም አለ። ቤቱ ሞልቶለታል። ወለሉ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጦለታል፤ ስለ ወንድሙ እያወራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። ሲወጡ ኩባያዎቹን ሰብስበው በጥቁር ፌስታል ቋጥረው ይዘው ሄዱ።

አባቴ ቢኖርና ይህን ብነግረው፣ «ገብተው ተቀምጠዋል አይደል?» ይለኝ ነበር። አዎ፣ ገብተው ተቀምጠዋል። ከአጥሩ እዚህ ድረስ ያለውን መንገድ ከእሱ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ ይበቃው ነበር። እኔ ግን የእሱ ልጅ ብሆንም አይበቃኝም። የተስፉን ሚስት ለመንኳትና ትሪውን ከነብርጭቆዎቹ አዋሰችኝ። መኪናዬ ኋላ ወንበር ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የፊታችን እሁድ ዱርንፎንቴን ወደ ሸንጎው ይዤው እወጣለሁ፤ ሻይ የምቀዳላቸው በእነዚህ ብርጭቆዎች ነው።